ሙንዚንገር ፓሻና የምጽዋ የባሕር ላይ መንገድ

ወደ ምጽዋ የሚወርድ መንገደኛ ከወደቡ ለመድረስ ሁለት ጊዜ ባሕር ማቋረጥ አለበት። አንደኛው ከየብሱ ወደ ጥዋለት ደሴት፣ ሁለተኛው ከጥዋለት ወደ ራሷ ምጽዋ ነው። ሆኖም ጀልባ የሚጠይቅ የለም። ድንጋይ በባሕሩ ውስጥ ተደልድሎ መንገድ ስለ ሆነ እግረኛውም ባለመኪናውም ውሃውን በግራና በቀኝ እያየ በደረቅ ይሻገራል። ይህን መንገድ በመጀመሪያ ያስደለደለው ማን እንደ ሆነ፣ ለማንስ ጥቅም እንዳስደለደለው የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው።

ሰውዬው ወርነር ሙንዚንገር ይባላል። በታሪክ ትምህርታችን ስሙን ሁላችንም አግኝተነዋል፤ ይሁን እንጂ ቦጎስን ለግብፅ የያዘ፣ በኋላም በአውሳ የሞተ ተብሎ ብዙ ጊዜ በአንድ ዐረፍተ ነገር ይታለፋል። የዚህ ሰው ሕይወት ግን ለእኛ ለተማሪዎች ከዚያ የበለጠ ሊነግረን የሚችል ነገር አለው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ያስታውስልን።

ሙንዚንገር ኤፕሪል 21 ቀን 1832 በስዊስ አገር ኦልተን በምትባል ትንሽ ከተማ ተወለደ። ስዊስ የባሕር በር የሌላት፣ በታላላቅ መንግሥታት የተከበበች ተራራማ አገር ናት። በዚያን ጊዜ እያንዳንዱ ክፍለ ሀገር የራሱ ገንዘብና የራሱ ኬላ ስለ ነበረው፣ ነጋዴው ከአንዱ ወደ ሌላው በተሻገረ ቍጥር ቀረጥ ይከፍል፣ ገንዘብም ይመነዝር ነበር። በ1848 አዲስ ሕገ መንግሥት ታውጆ አገሪቱ አንድ ፌዴራላዊ መንግሥት ስታቆም፣ የልጁ አባት ዮሴፍ ሙንዚንገር ከመጀመሪያዎቹ ሰባት የመንግሥቱ ሹማምንት አንዱ ሆነ። የገንዘብን ጉዳይ ይዞ የተበታተነው መገበያያ በአንድ ፍራንክ እንዲተካ አደረገ፤ በ1851ም የአገሩ ፕሬዚዳንት ሆኖ አገለገለ። እንግዲህ ወርነር ያደገው የኬላና የገንዘብ፣ የመንገድና የንግድ ጉዳይ ከዕለት እንጀራ ጋር በሚነሣበት ቤት ነበር ማለት ይቻላል።

ወጣቱ በበርን የተፈጥሮ ሳይንስ፣ በሙኒክና በፓሪስም የምሥራቅ ቋንቋዎችና ታሪክ ተማረ። በ1852፣ ገና ሃያ ዓመት ሲሆነው፣ ወደ ግብፅ ተሻግሮ በካይሮ ዐረብኛውን አጠነከረ። ቀጥሎም በእስክንድርያ ከሚገኝ የንግድ ቤት ገብቶ በ1854 የንግድ ጕዞ መሪ ሆኖ ወደ ቀይ ባሕር ተላከ። ምጽዋን ያወቀው በዚህ ጊዜ ነው።

የዚያን ዘመን ምጽዋ ዛሬ ለማሰብ ያስቸግራል። ከተማይቱ ከ1557 ጀምሮ በቱርክ ስም የምትያዝ፣ ሙቀቷ የማይቻል፣ የምንጭ ውሃ የሌላት የኮራል ድንጋይ ደሴት ነበረች። የሚጠጣው ውሃ ከየብስ፣ ከሕርጊጎና ከእምኵሉ፣ በአቍማዳና በጀልባ እየተጫነ ይመጣላት ነበር። ይህች የተጠማች ደሴት ግን የሰሜን ኢትዮጵያ ንግድ ሁሉ አፍ ነበረች። ከእናርያና ከከፋ የተነሣው ዕቃ በጎጃም በባሶ ገበያ አልፎ ጎንደር ይደርሳል። ከጎንደርም ሲራራ ነጋዴው በአድዋ በኩል አድርጎ፣ በየኬላው እየቀረጠ፣ ወራት ከተጓዘ በኋላ ወደ ቈላው ይወርዳል። የሚያወርደው የዝሆን ጥርስ፣ ወርቅ፣ ዝባድ፣ ሰም፣ ቡናና ቆዳ ነበር። ከነዚህም ጋር የሰው ልጅ በባርነት እየተነዳ ይወርድ እንደ ነበረ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ከባሕር ወደ ደጋ የሚወጣው ደግሞ የጥጥ ጨርቅ፣ ሐር፣ ዶቃ፣ የጦር መሣሪያና የማርያ ቴሬዛ ብር ነበር።

ሲራራው ከየብሱ ዳር ሲደርስ ጕዞው ያበቃል። በቅሎውና አህያው ባሕር ሊሻገሩ ስለማይችሉ ጭነቱ በዳር ይራገፋል፤ ከዚያ በታንኳ ተጭኖ ወደ ደሴቲቱ ይሻገራል፤ በደሴቲቱም እንደ ገና ተራግፎ፣ ተመዝኖ፣ ተቀርጦ፣ ከባንያኑ ወይም ከዐረቡ ነጋዴ እጅ ይገባል። ከዚያ በኋላ ሳምቡኮች ወደ ጅዳ፣ ወደ ሁዴዳ፣ ወደ ኤደንና ወደ ሱዋኪን ይዘውት ይሄዳሉ። ከዳህላክ ደሴቶች የሚወጣው ሉልና ዛጎልም በዚችው ገበያ ይሸጥ ነበር። አንድ ቁና ቡና በደጋው ከሚያወጣው ዋጋ በላይ በባሕር ዳር ያለው ኪሳራና ድካም የሚመዝንበት ጊዜ ብዙ ነበር። ከሁሉም በላይ ግን በየብሱ ያለው ሻጭና በደሴቱ ያለው ገዢ ፊት ለፊት የማይተያዩ መሆናቸው፣ መካከለኛውን ባለሥልጣን የሁለቱም ጌታ ያደርገው ነበር። ታንኳውንና መሻገሪያውን የያዘ ንግዱን ያዘ ማለት ነው።

ሙንዚንገር ይህን በዐይኑ አየ። በምጽዋ ብቻ ግን አልቀረም። በ1855 ወደ ቦጎስ ወጥቶ በከረን ተቀመጠ፤ ከአገሩም ሴት አግብቶ ቤት ሠራ። ወደ ስድስት ዓመት ያህል በዚያ ሲኖር ቋንቋቸውን ተማረ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር እየተቀመጠ ስለ ርስት፣ ስለ ጋብቻ፣ ስለ ደም ካሳና ስለ ጌታና ሎሌ ሕጋቸውን ጠየቀ። ያገኘውንም በ1859 የቦጎሶችን ልማድና ሕግ የሚመለከት መጽሐፍ አድርጎ በአገሩ አሳተመ። ይህ መጽሐፍ እስከ ዛሬ ድረስ ሊቃውንት የሚመለከቱት ነው። በጽሑፍ ያልሰፈረውን የአንድ ሕዝብ ሕግ በጥንቃቄ መዝግቦ ማስቀመጡ ቀላል አገልግሎት አይደለም፤ ሰውዬውን ስንወቅስ ይህንን ልንነፍገው አይገባም።

ቦጎሶች በዚያን ጊዜ ኑሯቸው በስጋት ነበር። በ1854 ከካሰላ በኩል የመጡ የግብፅ ወታደሮች አገራቸውን ዘርፈው አያሌ ሰው ማርከው ነበር። ሙንዚንገር የደረሰው ቍስሉ ሳይደርቅ ነው። ይህን እናስታውስ፤ ኋላ ይመጣልና።

በ1861 ሆይግሊን የሚባለው ጀርመናዊ ተጓዥ ወደ መካከለኛው አፍሪካ ሲነሣ ሙንዚንገር አብሮት ተሰለፈ። በመንገድ ተለያይተው እሱ በጋሽና በአትባራ በኩል ካርቱም ገባ፤ በ1862ም እስከ ኮርዶፋን ደረሰ። ወደ ዳርፉርና ወደ ዋዳይ ለመዝለቅ ግን አልሆነለትም። በ1863 ለጥቂት ጊዜ አውሮፓን ጐብኝቶ ተመለሰ፤ ተከትሎም ስለ ምሥራቅ አፍሪካ ያደረገውን ጥናት አሳተመ። በ1865 የቱርክ ሱልጣን ምጽዋንና ሱዋኪንን ለግብፁ ገዥ ለእስማኤል ሲለቅለት፣ ሙንዚንገር በምጽዋ የእንግሊዝ ቆንሲል ሆኖ ተሾመ።

ቀጥሎ የመጣው ነገር የሰውዬውን ሐሳብ ሳይለውጠው አልቀረም። ዐፄ ቴዎድሮስ የእንግሊዝን ቆንሲልና ሌሎችን አውሮፓውያን ስላሰሩ እንግሊዞች ጦር ለመላክ ቈረጡ። ሙንዚንገር በ1867 የአፋርን የጨው ሜዳ ዞሮ አጠና። በዚያው ዓመት በኦክቶበር የእንግሊዝ መንገድ ፈላጊዎች በጥንታዊቱ አዱሊስ አጠገብ በምትገኘው በዙላ ሲያርፉ ከእነርሱ ጋር ነበር። የዙላ ባሕር በዳሩ ጥልቀት የለውም፤ መርከብ ሊጠጋ አይችልም። ስለዚህ እንግሊዞች ወደ ባሕሩ ርቀው የሚገቡ ማራገፊያ ድልድሎች ሠሩ። ከድልድሎቹ ላይ ጭነቱን የሚቀበል የባቡር ሐዲድ ወደ ተራራው ግርጌ ዘረጉ። የመርከቦቻቸውም ማሞቂያ የባሕሩን ውሃ እያጣራ የሚጠጣ ውሃ ይሰጣቸው ነበር። በጥቂት ወራት ውስጥ በዚያ ምድረ በዳ አሥራ ሦስት ሺህ ያህል ወታደር፣ ከሕንድ የመጡ ዝሆኖችና ስፍር ቍጥር የሌለው የጭነት ከብት ወረደ። ኤፕሪል 13 ቀን 1868 መቅደላ ተያዘ፤ ዐፄ ቴዎድሮስም በገዛ እጃቸው ሞቱ። በጁን ጦሩ በዚያው ድልድል ተሳፍሮ ሄደ።

በዚህ ዘመቻ ሙንዚንገር መንገድ መሪና አነጋጋሪ ነበር። በ1868 መጀመሪያ ከሻለቃ ግራንት ጋር ወደ አድዋ ተልኮ በደጃዝማች ካሣ ዘንድ በእንግድነት ተቀመጠ። ደጃዝማች ካሣ ከአራት ዓመት በኋላ ዐፄ ዮሐንስ ተብለው የነገሡት ናቸው። ስላደረገው አገልግሎት እንግሊዞች ኒሻን ሸለሙት። እሱ ከሁሉም የበለጠ ያተረፈው ግን ትምህርቱን ይመስላል፦ ድልድል፣ ሐዲድና ውሃ ያለው መንግሥት ማንም ያልቻለውን የባሕር ዳር በረሃ በጥቂት ወራት በር ሊያደርገው እንደሚችል በዐይኑ አይቷል።

በኖቬምበር 1869 የስዌዝ ቦይ ተከፈተ። ቀይ ባሕር ከጓሮ ወደ ዋና ጐዳና ተለወጠ፤ የእንፋሎት መርከብ ከአውሮፓ በቀጥታ ወደ ምጽዋ ደጃፍ መድረስ ቻለ። ሙንዚንገር በዚያን ጊዜ የፈረንሳይ ቆንሲል ነበር፤ በ1870ም ካፒቴን ማይልስ ከሚባል እንግሊዛዊ ጋር የደቡብ ዐረብን አገር ጐበኘ። በ1871 የግብፁ እስማኤል የምጽዋ ገዥ አድርጎ ሾመው፤ የቤይነት ማዕረግም ሰጠው። በዚህ ሁኔታ የፕሬዚዳንቱ ልጅ፣ የሁለት መንግሥታት ቆንሲል የነበረው ሊቅ፣ የሦስተኛ መንግሥት አገልጋይ ሆነ።

ሥራውን የጀመረው ከድንጋዩ ነው። ምጽዋ ከጥዋለት፣ ጥዋለትም ከየብሱ በድልድል እንዲገናኙ አደረገ። ስማቸው ያልተጻፈላቸው ሠራተኞች በዚያ እሳት በሚመስል ሙቀት ድንጋዩን እየተሸከሙ በባሕሩ ውስጥ ደለደሉት። ከእምኵሉ ውሃ በቦይ ተስቦ ወደ ከተማው እንዲመጣ አደረገ። የቴሌግራፍ ሽቦም ምጽዋን ከካሰላና ከሱዋኪን ጋር አገናኘ። በጥዋለት ላይ ለገዥነቱ የሚስማማ ቤተ መንግሥት ተሠራ።

የዚህ ሥራ ፍሬ ለነጋዴው ግልጥ ነበር። የተጫነው በቅሎ ከተራራው ወርዶ በዳር መቆሙ ቀረ፤ ድልድሉን ይዞ እስከ መርከቡ አጠገብ መሄድ ቻለ። በመካከል የነበረው ማራገፍና መጫን ተቈጠበ። ውሃ በመምጣቱም መርከበኛውና ነጋዴው በከተማው ሊሰነብቱ ቻሉ። በዚህ ላይ ብቻ ቢቆም ኖሮ ሙንዚንገር ዛሬ በደጋውም በቈላውም በበጎ ስም ይታወስ ነበር።

ነገር ግን መንገድ በሁለት በኩል የሚያስኬድ ነው። ነጋዴው ወደ ባሕር የሚወርድበት ድልድል ወታደሩ ወደ ደጋ የሚወጣበትም ነው። በ1872 ክረምት ዐፄ ዮሐንስ በሌላው የአገሪቱ ክፍል ዘምተው ሳሉ፣ ሙንዚንገር የግብፅን ወታደር እየመራ ወጥቶ ከረንንና ቦጎስን ያዘ። ወጣትነቱን ያሳለፈበትን፣ ሚስት ያገባበትን፣ ሕጋቸውን በመጽሐፍ የጻፈላቸውን ሰዎች አገር ለእስማኤል አስረከበ። ለዚህም ፓሻ ተብሎ የምሥራቅ ሱዳን ጠቅላይ ገዥ ሆነ። መንገዱን ለመክፈት ቦጎስ የግድ ያስፈልገው ነበር፤ ከምጽዋ ወደ ካሰላ የሚወስደው መተላለፊያ በከረን ያልፋልና።

ዐፄ ዮሐንስ ነገሩ የአንድ ወረዳ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነ ወዲያው ተረዱ። ባሕሩ በግብፅ እጅ ነው፤ አሁን ደግሞ የደጋው መዳረሻ ተያዘ። ከዚያው ዓመት ጀምሮ ኪርካም በሚባለው እንግሊዛዊ አገልጋያቸው እጅ ለአውሮፓ ነገሥታት አቤቱታ ላኩ። የክርስቲያን ነገሥታት ግን ከመልካም ቃል በቀር ምንም አላደረጉላቸውም። ግብፅ ዕዳዋን የምትከፍላቸውን፣ ቦይዋንም የሚጠቀሙባትን መንግሥታት ስለ ከረን የሚያስቈጣቸው ነገር አልነበረም።

ሙንዚንገር ለምን ይህን አደረገ? ለገንዘብ ብቻ ነው ለማለት ያስቸግራል። ያን ሁሉ ዓመት በከረን የኖረው ለትርፍ ሲል አልነበረምና። የሚያሳምን የሚመስለው ይህ ነው፦ የወረራና የኬላ ብዛት ያሠቃየውን አገር አንድ ጠንካራ አስተዳደር፣ አንድ መንገድ፣ አንድ ቀረጥ ያድነዋል ብሎ አሰበ። አባቱ በአገሩ ያደረገውን እሱም እዚህ ሊያደርግ የፈለገ ይመስላል። ልዩነቱ ግን ከሰማይና ከምድር የሚርቅ ነው። አባቱ ኬላውን ያፈረሰው በአገሩ ሰዎች ምክርና ፈቃድ፣ ለአገሩ ሰዎች ጥቅም ነበር። ልጁ ግን የሌላውን አገር በር በሦስተኛ ወገን ስም ዘጋ። ከዚህም በላይ ቦጎሶችን ከወረራ ለማዳን ብሎ ያስረከባቸው በ1854 ለወረራቸው ለዚያው መንግሥት ነው።

በ1875 እስማኤል ሰፊ ዘመቻ ጀመረ። ራዑፍ ፓሻ በኦክቶበር ሐረርን ያዘ። ከምጽዋ በዴንማርካዊው በአሬንድሩፕ የሚመራ ጦር ወደ ሐማሴን ወጣ። ሙንዚንገር ግን የሰሜኑ ጦር አዛዥነት አልተሰጠውም። ለእሱ የደረሰው ወደ ሸዋ ሄዶ ከንጉሥ ምኒልክ ጋር በዐፄ ዮሐንስ ላይ ወዳጅነት እንዲመሠርት ነበር። ኦክቶበር 27 ቀን ሦስት መቶ ኀምሳ ያህል ሰው ይዞ ከተጁራ ተነሣ። ሚስቱና ከምኒልክ የመጣው መልእክተኛ አብረውት ነበሩ። የአፋር በረሃ ግን እንደ ምጽዋ ባሕር በድንጋይ የሚደለደል አልሆነም። በሱልጣን መሐመድ ሐንፈሬ ይገዛ የነበረው የአውሳ ሕዝብ የታጠቀ እንግዳ በምድሩ ሲያልፍ ዝም ብሎ ሊያይ አልፈለገም። ኖቬምበር 14 ቀን ሌሊት ሰፈሩ ላይ አደጋ ጣሉበት። ሙንዚንገር፣ ሚስቱና አብዛኞቹ ተከታዮቹ አለቁ። ዕድሜው 43 ዓመት ነበር።

በሁለተኛው ቀን በጕንደት የአሬንድሩፕ ጦር በዐፄ ዮሐንስ ሠራዊት ተደመሰሰ፤ በማርች 1876ም በጕራ የመጣው ሁለተኛው ጦር ድል ሆነ። ግብፅ በጦር ሜዳ ብትሸነፍም ከምጽዋ ግን አልወጣችም። በጁን 1884 በአድዋ በተፈረመው ውል ቦጎስ ለኢትዮጵያ እንዲመለስ፣ በምጽዋም ዕቃ በነጻ እንዲያልፍ ተወሰነ። ይህ ደስታ ዓመት እንኳ አልሞላም፤ ፌብሩዋሪ 5 ቀን 1885 ኢጣልያኖች ምጽዋ ወረዱ። ያገኙትም የተዘጋጀ ወደብ፣ የተሳበ ውሃና የተደለደለ መንገድ ነበር። ሙንዚንገር ለእስማኤል ያሰናዳው ማዕድ ለሮማ ቀረበ። ቈይቶም የባቡር ሐዲዳቸውን በዚያው ድልድል ላይ አሳልፈው በ1911 አሥመራ አደረሱት። ከዚያ ወዲህ ድልድሉ ያላየው የለም። በ1990 ከተማይቱን ለመያዝ በተደረገው ጦርነት ብርቱ ውጊያ ተደርጎበታል። ከ1993 ጀምሮ ደግሞ ምጽዋ የኤርትራ መንግሥት ወደብ ናት።

ጌቶቹ ተለዋወጡ፤ ድንጋዩ ግን ቀረ። የድንጋዩ ነገር የሚያስተምረን አንድ ጕዳይ አለ። ድልድል በራሱ ወዳጅም ጠላትም አይደለም፤ የሚፈርደው ኬላው በማን እጅ እንደ ሆነ ነው። የደጋው ነጋዴ የሙንዚንገርን ድልድል ሲያገኝ ድካሙ ቀለለ፤ ሆኖም የቀረጡን ልክ የሚወስነው በዚያ በኩል የተቀመጠው ነበር። የዙላው ድልድል ደግሞ ለጥቂት ወራት ጦር ብቻ አስተናግዶ ፈረሰ። ሁለቱንም ያየው፣ አንዱንም ያስደለደለው ሰው ግን በመጨረሻ ድልድል በሌለበት በረሃ ሞተ።

ስለ ዕውቀትም እንደዚሁ ነው። በዚያ ዘመን ከነበሩት አውሮፓውያን መካከል ይህን የባሕር ዳርና ይህን ደጋ ከሙንዚንገር የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም ቢባል ብዙ ማጋነን አይሆንም። ቋንቋውን፣ ሕጉን፣ ንግዱን፣ መንገዱን ያውቃል። ዕውቀቱን ግን የሚያዝበት ሌላ ነበር፤ ትናንት ንግድ ቤት፣ ቀጥሎ እንግሊዝ፣ ቀጥሎ ፈረንሳይ፣ በመጨረሻም እስማኤል። ሰዎቹን በጥልቅ ማወቁ ከሰዎቹ ጋር እንዲመክር አላደረገውም። እኛም ነገ መሐንዲስ፣ ሕግ ዐዋቂ፣ የኤኮኖሚ ሊቅ ተብለን ከዚህ ግቢ ስንወጣ፣ መንገድ እንድንደለድልና ሕግ እንድንጽፍ መጠየቃችን አይቀርም። ያን ጊዜ ከሥራው ጥራት አስቀድመን፣ በዚህ መንገድ የሚሻገረው ማን ነው፣ ቀረጡንስ የሚቀበለው ማን ነው ብለን እንጠይቅ። ሙንዚንገር ይህን ጥያቄ ከጠየቀ መልሱን በድንጋይ አልጻፈልንም።